ከኤረን ቡር እስከ ዘመናችን፤ በአሜሪካ ስለ ፖለቲካ ክስና ስለ ክስ ሥርዐት የቀረበ አጭር ጥናት

በአሜሪካ አገር ሥልጣን የያዘ ወገን ተቃዋሚውን በፍርድ ቤት ሲከስ የሕግ ዐዋቂዎች ሁልጊዜ የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ክሱ የቀረበው ጥፋት ስለ ተገኘ ነው ወይስ ሰውየው ስለ ተጠላ ነው የሚለው ነው። በ2023 አንድ የቀድሞ ፕሬዚዳንት በአራት ችሎት ሲከሰሱ፣ እኒሁ ሰው እንደገና ተመርጠው ሥልጣን ከያዙ በኋላ ደግሞ በ2025 ተቃዋሚዎቻቸው የነበሩ ሹማምንት በተራቸው ሲከሰሱ፣ ይህ ጥያቄ በየሕግ ትምህርት ቤቱና በየጋዜጣው እንደ አዲስ ተነሥቷል። የክርክሩም ጠባይ የታወቀ ነው። የራሱ ሰው የተከሰሰበት ወገን «ይህ በቀል ነው» ይላል፤ የባላንጣው ሰው ሲከሰስ ደግሞ ያው ወገን «ከሕግ በላይ ማንም የለም» ይላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ቃላቸውን ተለዋውጠዋል ማለት ይቻላል።

የታሪክ ተማሪ ግን በዚህ ክርክር ውስጥ ገብቶ ለአንዱ ከመፍረድ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ፍርድ ቤቶቹ ራሳቸው ለዚህ ነገር ምን መልስ ሰጡ? መዛግብቱ ሲታዩ የሚገኘው መልስ የሚያስገርም ነው። ዳኞቹ የከሳሹን ልብ ከመመርመር አብዛኛውን ጊዜ ሸሽተዋል። የፖለቲካ ክስ በአሜሪካ በወደቀ ጊዜ የወደቀው «ይህ ፖለቲካ ነው» ተብሎ ሳይሆን፣ ምስክሩ ስንት ነው፣ ድርጊቱ የት ተፈጸመ፣ የሕጉ ቃል ምን ማለት ነው፣ ዐቃቤ ሕጉንስ ማን ሾመው በሚሉ ጥቃቅን በሚመስሉ የሥርዐት ጥያቄዎች ነው። እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባላስገኙ ጊዜ ክሱ ጸንቷል። ይህ ጽሑፍ ይህንን በጥቂት ጉዳዮች፣ ይልቁንም በ1807 በተሰማው በኤረን ቡር ጉዳይ ለማሳየት ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ቡር ከመድረሳችን በፊት ስለ 1798 ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ የሴዲሽን ሕግ የሚባለውን፣ ማለት መንግሥትን የሚያስጠላ ሐሰተኛ ጽሑፍ የሚያወጣውን የሚያስቀጣውን ሕግ ፈረመ። ሕጉ ፕሬዚዳንቱንና ሁለቱን ምክር ቤቶች ከስድብ ይጠብቃል፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ግን አይጠቅስም። ምክትል ፕሬዚዳንቱ በዚያን ጊዜ የተቃዋሚው ወገን መሪ ቶማስ ጀፈርሰን ነበረ። እንግዲህ አዳምስን መስደብ ወኅኒ ሲያስገባ ጀፈርሰንን መስደብ ግን አያስከስስም ነበር። ሕጉ የማን እንደ ሆነ ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም። በዚሁ ሕግ ከቬርሞንት የተመረጠው የምክር ቤት አባል ማቲው ላየን አዳምስን የሚነቅፍ ደብዳቤ አሳትሟል ተብሎ አራት ወር እስራትና 1,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። የአገሩ ሰዎች ግን እስር ቤት ሳለ እንደገና መረጡት። ሕጉ በመጋቢት 1801 ዘመኑ አልቆ ቀረ፤ ጀፈርሰንም ፕሬዚዳንት ሲሆን የተፈረደባቸውን ይቅር አላቸው። መቀጫውም በ1840 ለላየን ወራሾች ከነወለዱ ተመለሰላቸው።

ላየን ከዚህ ታሪክ ጋራ ሌላም ግንኙነት አለው። በ1800 ምርጫ ጀፈርሰንና ኤረን ቡር ከአንድ ወገን ቀርበው እያንዳንዳቸው 73 ድምፅ አገኙ። በዚያን ጊዜ ደንብ ለፕሬዚዳንትና ለምክትሉ ለየብቻ ድምፅ አይሰጥም ነበርና ነገሩ ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሄደ። ምክር ቤቱ 36 ጊዜ ድምፅ ሰጠ። በመጨረሻው ጊዜ የቬርሞንትን ድምፅ ለጀፈርሰን ያስገኘው ያ ከወኅኒ የወጣው ላየን ነው። ጀፈርሰን ፕሬዚዳንት፣ ቡርም ምክትሉ ሆነ። ጀፈርሰን ግን ቡር በነዚያ ቀናት ፕሬዚዳንትነቱን ለራሱ ተመኝቷል ብሎ ጠረጠረ፤ ከዚያ ወዲህም አላመነውም።

ቡር ምክትል ፕሬዚዳንት ሳለ በሐምሌ 1804 አሌክሳንደር ሐሚልተንን ተቀጣጥረው በሽጉጥ በተፋለሙ ጊዜ ገደለው። በ1805 የሥልጣኑ ዘመን ሲያልቅ በምሥራቁ አገር ፊት የሚያሳየው ሰው አልነበረምና ወደ ምዕራብ ሄደ። በዚያ በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች ዳርና ዳር እየተዘዋወረ ሰው፣ ጀልባና ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ዓላማው ምን እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። አንዳንዶቹ ከእስፓንያ ላይ ሜክሲኮን ለመውሰድ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ምዕራባውያኑን ግዛቶች ከኅብረቱ ለመገንጠል ነው ይላሉ፤ እርሱ ራሱ ግን መሬት ገዝቼ ሰዎች ላሰፍርበት ነው ብሎ ነበር።

የነገሩ ቁልፍ ጄኔራል ጄምስ ዊልኪንሰን ነው። ይህ ሰው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አዛዥና የሉዊዚያና ግዛት ገዥ ሲሆን በምስጢር ከእስፓንያ መንግሥት ደመወዝ ይቀበል እንደ ነበረ በኋላ ከተገኙት የእስፓንያ መዛግብት ታውቋል። ከቡር ጋራ አብሮ ሲመክር ቆይቶ፣ ነገሩ እንደማይሳካ ባየ ጊዜ በምስጢር ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ቡርን ለጀፈርሰን አሳልፎ ሰጠ። ከሃዲውን ለመያዝ የቆመው ምስክር ራሱ ከሃዲ ነበረ ማለት ነው፤ የዳኝነት ታሪክ እንዲህ ያለውን ነገር ሲወድ ይገርማል።

ጀፈርሰን በጥር 22 ቀን 1807 ለምክር ቤቱ በላከው መልእክት የቡር ጥፋተኛነት የማያጠራጥር እንደ ሆነ ገለጸ። ልብ ማለት የሚገባን፣ በዚያ ቀን ቡር ገና ለፍርድ አልቀረበም፤ እንዲያውም በኬንታኪ ዐቃቤ ሕጉ ሁለት ጊዜ ክስ ቢያቀርብበት ታላቁ ጁሪ አልቀበልም ብሎ አሰናብቶት ነበር። ታላቅ ጁሪ የሚባለው አንድ ሰው ይከሰስ ወይስ አይከሰስ ብለው የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ጉባኤ ነው፤ በኋላ ነገሩን ሰምቶ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ከሚለው ጁሪ የተለየ ነው። በየካቲት ወር በሚሲሲፒ ግዛት የተሰበሰበው ታላቅ ጁሪም እንደ ኬንታኪው ክሱን መለሰ። ቡር ከዚያ ወጥቶ ሲሸሽ በዛሬው አላባማ ተያዘና ወደ ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ተወሰደ።

በሪችመንድ ችሎቱን የያዘው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል ነበር፤ በዚያ ዘመን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በየአውራጃው እየዞሩ ያስችሉ ነበርና። ማርሻል የጀፈርሰን የሩቅ ዘመድ፣ የቨርጂኒያ ተወላጅና የፖለቲካ ጠላቱ ነው። እንዲያውም ቡር በዋስ ወጥቶ ሳለ ተከላካዩ ጠበቃ ባዘጋጀው የእራት ግብዣ ላይ ዳኛውና ተከሳሹ አብረው ተገኝተዋል ተብሎ ብዙ ታምቷል። እንግዲህ በዚህ ነገር ንጹሕ ሰው የምንፈልግ ከሆነ በዳኝነቱ ወንበርም ላይ አናገኝም።

ጀፈርሰን በበኩሉ የክሱን ሥራ ከዋሽንግተን ሆኖ እንደ አንድ ዐቃቤ ሕግ መራው። ለመንግሥቱ ዐቃቤ ሕግ ለጆርጅ ሄይ በየጊዜው ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር። የሚመሰክሩለትን ሰዎች ይቅር ለማለት ስማቸው ያልተሞላ የይቅርታ ወረቀቶች ላከለት። ከነዚህም አንዱ ለዶክተር ኤሪክ ቦልማን በችሎት ቢሰጠው አልቀበልም አለ፤ ይቅርታውን መቀበል ጥፋተኛ ነኝ ማለት መስሎ ታይቶታልና። የቡር ጠበቃ ሉተር ማርቲን በንግግሩ ፕሬዚዳንቱን አጥብቆ በዘለፈ ጊዜም ጀፈርሰን ማርቲንን ራሱን የወንጀሉ ተባባሪ አድርገን ብናሳስረውስ ብሎ ለሄይ ጻፈ። ይህን የጻፈው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሴዲሽን ሕግ የሚታሰሩትን ጋዜጠኞች ሲያዝንላቸው የነበረው ሰው ነው። ሌናርድ ሌቪ የሚባለው የታሪክ ጸሐፊ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ጀፈርሰንን በዚህ ረገድ አብዝቶ ወቅሶታል፤ የተባለው ቢያሳዝንም መዝገቡን ያየ ሰው ሊክደው አይችልም።

ታዲያ ማርሻል ምን አደረገ? ጀፈርሰን ቡርን የከሰሰው በጥላቻ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጨርሶ አልወሰነም። በእጁ የነበረው የሕገ መንግሥቱ ሦስተኛ አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ የአገር ክሕደትን ራሱ ይተረጕመዋል። ክሕደት ማለት በአገር ላይ ጦር ማንሣት ወይም ጠላትን መርዳት ብቻ ነው፤ ማንም ሰው በአንድ ግልጽ ድርጊት ላይ ሁለት ምስክር ሳይመሰክሩበት ወይም ራሱ በችሎት ሳያምን በክሕደት አይፈረድበትም። የሁለት ምስክር ደንብ ለኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በኦሪት ዘዳግምም በፍትሐ ነገሥትም ያለ ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አዲስ የሆነው ሁለቱ ምስክሮች የሚመሰክሩት በአንዱ በዚያው ድርጊት ላይ መሆን አለበት መባሉ ነው። የሕገ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ይህን የጻፉት የእንግሊዝን ነገሥታት ታሪክ ያውቁ ስለ ነበር ነው፤ በዚያ ንጉሡን መንቀፍም የንጉሡን ሞት መመኘትም እየተባለ በክሕደት ስም ብዙ አንገት ተቆርጧል።

በሪችመንድ የቀረበው የክስ ጽሑፍ ጦር ተነሣበት ያለው ቦታ በኦሃዮ ወንዝ መካከል ያለችው የብሌነርሃሴት ደሴት ናት። በታኅሣሥ 10 ቀን 1806 ሌሊት ሠላሳ ያህል ሰዎች በዚያ ተሰብስበው ነበር። ቡር ግን በዚያች ሌሊት ከደሴቲቱ ርቆ በኬንታኪ ነበረ። ከሳሾቹ ይህን ያምናሉ፤ ነገር ግን ሴራውን ያሴረው እርሱ ስለ ሆነ በሕግ ፊት እንደ ተገኘ ይቈጠራል አሉ። ለዚህም የማርሻልን የራሱን ቃል ጠቀሱ። ማርሻል በየካቲት ወር በነቦልማን ጉዳይ በጻፈው ውሳኔ፣ ጦር በእውነት ከተነሣ ከቦታው የራቀም ሰው ተካፋይ ከሆነ ከሃዲ ነው የሚል ዐረፍተ ነገር አስገብቶ ነበር። ዳኛውን በራሱ ብዕር አጠመዱት ማለት ነው።

ማርሻል በነሐሴ 31 ረዥም ውሳኔ አነበበ። በዚያም የፊተኛውን ቃሉን አብራርቶ አጠበበው። ቡር በቦታው እንዳልነበረ የታመነ ስለ ሆነ፣ ሰዎቹን አነሣሥቶ አሰባስቧል የሚባል ከሆነ ማነሣሣቱ ራሱ በክስ ጽሑፉ ተገልጾ በሁለት ምስክር መረጋገጥ አለበት፤ እንዲህ ያለ ምስክር አልቀረበም፤ ስለዚህ በሌላ ቦታ ስለ ተናገረውና ስለ ጻፈው የሚቀርበው ምስክርነት ሁሉ አይሰማም አለ። ከመቶ አርባ ምስክሮች በላይ ተጠርተው ነበር፤ ከዚህ በኋላ አብዛኞቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ተመለሱ። ጁሪው በማግሥቱ የሰጠው ፍርድ ግን ቅሬታ ያለበት ነበር። ቡር በቀረበልን ማስረጃ በዚህ ክስ ጥፋተኛ መሆኑ አልተረጋገጠም የሚል ይዘት ነበረው። ቡር «ጥፋተኛ አይደለም ብቻ ይበሉ» ብሎ ተቃወመ። ማርሻልም የጁሪው ወረቀት እንዳለ እንዲቀመጥ፣ በመዝገቡ ግን «ጥፋተኛ አይደለም» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘ።

ስለዚህ ውሳኔ የሕግ ዐዋቂዎች ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ኤድዋርድ ኮርዊን የተባለው የሕገ መንግሥት መምህር በ1919 ማርሻል ለጀፈርሰን ካለው ጥላቻ የተነሣ ከሕጉ መሥመር ወጥቷል ብሎ ነቅፎታል። በጽሑፋችን አስተያየት ኮርዊን ስለ ማርሻል ልብ የተናገረው እውነት ቢሆን እንኳ የውሳኔው ዋጋ አይቀንስም። ዳኛው ተከሳሹን ወደደውም ጠላውም፣ ሁለት ምስክር የሚለው ቁጥር አይለወጥም። ልብን የሚመረምር ደንብ ቢሆን ኖሮ ግን የዳኛው ወገን የሆነ ሁሉ ነጻ፣ ያልሆነ ሁሉ ጥፋተኛ በሆነ ነበር። በዚሁ ችሎት ማርሻል ፕሬዚዳንቱ የዊልኪንሰንን ደብዳቤ እንዲያቀርብ የመጥሪያ ትእዛዝ ማውጣቱም አይዘነጋም፤ ጀፈርሰን ራሱ አልመጣም፤ ወረቀቶቹን ግን ላከ። ይህ ትእዛዝ በ1974 በፕሬዚዳንት ኒክሰን፣ በ2020ም በፕሬዚዳንት ትራምፕ ጉዳይ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ላይ እንደ ምሳሌ ተጠቅሷል።

የሥርዐት ጥበቃ ግን ወሰን አለው። ሕግ አውጪው የሕጉን ቃል አስፍቶ ከጻፈው ዳኛው የሚይዘው ጠርዝ አያገኝም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሆነው ይህ ነው። የሶሻሊስት ፓርቲ መሪ ዩጂን ዴብስ በሰኔ 16 ቀን 1918 በካንተን፣ ኦሃዮ ጦርነቱን የሚነቅፍ ንግግር አደረገ። በኤስፒዮናዥ ሕግ ተከሶ አሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። ተናግሯል፤ መናገሩንም አልካደም፤ ሕጉም ለጦር ሠራዊት ምልመላ እንቅፋት የሚሆን ንግግርን ይከለክላል። በመጋቢት 1919 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ ጸሐፊነት ፍርዱን በአንድ ድምፅ አጸናው። ዴብስ በ1920 ከአትላንታ ወኅኒ ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ከ900,000 በላይ ድምፅ አገኘ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን አልፈታውም አለ፤ የፈታው ሌላ ወገን የሆነው ዋረን ሃርዲንግ በ1921 የልደት በዓል ቀን ነው። እዚህ ላይ ያዳነው ምሕረት እንጂ ሥርዐት አልነበረም።

ይሁን እንጂ የሕግ ዐዋቂዎች ክርክር ከንቱ ወሬ አለመሆኑ የታየው በዚሁ ጊዜ ነው። የቺካጎው መምህር ኧርነስት ፍሮይንድ የዴብስን ውሳኔ በመጽሔት ነቀፈ። የሐርቫርዱ ዘካርያስ ቼፊ በሰኔ 1919 በጦርነት ጊዜ ስለ መናገር ነጻነት ሰፊ ጥናት አሳተመ፤ በዚያም በጋ ከሆልምስ ጋራ ተገናኝቶ ተነጋገረ። በኅዳር ወር የኤብራምስ ጉዳይ በተወሰነ ጊዜ፣ ያው ዴብስን ወኅኒ ያጸናው ሆልምስ ከብዙኃኑ ተለይቶ ለተከሳሾቹ የሚቆም ሐሳብ ጻፈ። ሐሳቡን ያስለወጠው ቼፊ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በስምንት ወር ውስጥ የሆነ ለውጥ ነው። ቼፊ ለዚህ ዋጋ ከፍሏል። ስለ ኤብራምስ ጉዳይ በጻፈው ጽሑፍ ምክንያት በ1921 ከዩኒቨርሲቲው ያስወጡት ዘንድ ተከስሶ በጉባኤ ፊት ቀረበ፤ በጥቂት ድምፅ ብልጫም ተረፈ። ለኛ ለተማሪዎች ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ስለ ፖለቲካ ክስ የጻፈ መምህር ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

በሚያዝያ 1 ቀን 1940 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሮበርት ጃክሰን በየአውራጃው ያሉትን ዐቃብያነ ሕግ ሰብስቦ ያደረገው ንግግር እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ ይጠቀሳል። ያለውም ባጭሩ ይህ ነው፤ የወንጀል ሕግ መጽሐፍ ሰፊ ነውና ዐቃቤ ሕግ የወደደውን ሰው መርጦ ከዚያ ጥፋት ቢፈልግለት አያጣም፤ ትልቁ አደጋ ጥፋት አይቶ ሰውን ከመፈለግ ይልቅ ሰውን አይቶ ጥፋት መፈለግ ነው። በ2023ም በ2025ም ሁለቱም ወገኖች ይህንኑ ንግግር ጠቅሰዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ጃክሰን ራሱ በኋላ ያደረገው ነው። ዳኛ ከሆነ በኋላ በ1951 በዴኒስ ጉዳይ የኮሙኒስት ፓርቲ መሪዎች ፍርድ እንዲጸና ድምፅ ሰጠ፤ በ1952 ደግሞ ተከላካይ ጠበቆቻቸው በችሎት መድፈር መቀጣታቸውን ያጸናውን ውሳኔ ጻፈ። ያማረ ንግግር ከሳሽን ሊገሥጽ ይችላል፤ ዳኛን ግን አያስገድድም።

የኮሙኒስቶቹን ክስ ያቆመው ሌላ ነገር ነው። በ1957 በዬትስ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስሚዝ ሕግ ውስጥ ያለውን «ማደራጀት» የሚለውን ቃል መረመረ። ማደራጀት ማለት ድርጅቱን በመጀመሪያ ማቋቋም ነው፤ ፓርቲው እንደገና የተቋቋመው በ1945 ነው፤ ክሱ የቀረበው በ1951 ነው፤ የይርጋው ዘመን ደግሞ ሦስት ዓመት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ረገድ ክሱ ጊዜው አልፎበታል አለ። ከዚህም ጋራ አንድን ሐሳብ ማስተማርና ለድርጊት ማነሣሣት የተለያዩ ናቸው ብሎ ማስረጃውን አጠበበ። ከአሥራ አራቱ ተከሳሾች አምስቱ ወዲያው ነጻ ወጡ፤ በዘጠኙ ላይም መንግሥት ክሱን ተወ። አንድ ግሥ ተተርጕሞ አሥራ አራት ሰው ከወኅኒ ዳነ።

የከሳሽን አድልዎ በቀጥታ የሚመለከት ሕግ የለም ማለት ግን አይደለም። በ1886 በዪክ ዎ ጉዳይ፣ በሳን ፍራንሲስኮ በቻይናውያን አጣቢዎች ላይ ብቻ የሚሠራ ደንብ በጽሑፉ ትክክል ቢሆንም በአፈጻጸሙ ሕገ ወጥ ነው ተብሏል። ዳሩ ግን በ1996 በአርምስትሮንግ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማስረጃውን ደፍ በጣም ከፍ አደረገው። ተከሳሹ የመንግሥትን ወረቀቶች ለማየት እንኳ በመጀመሪያ እንደርሱ ያደረጉ ሌሎች ሰዎች ሳይከሰሱ መቅረታቸውን ማሳየት አለበት። የሚያስፈልገው ማስረጃ በከሳሹ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው እንዲከፈት ግን አስቀድሞ ማስረጃ ያሻል። በሕግ መምህራኑ ዘንድ ይህ ብዙ ተነቅፏል፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በ2023 በዶናልድ ትራምፕ ላይ ከቀረቡት አራት ክሶች እስከ ፍርድ የደረሰው የኒው ዮርኩ ብቻ ነው። በግንቦት 30 ቀን 2024 ጁሪው በንግድ መዝገብ ማጭበርበር በ34 ክሶች ጥፋተኛ አላቸው፤ በጥር 2025 ያለ ቅጣት ተሰናበቱ። የፍሎሪዳውን ክስ ዳኛ ካነን በሐምሌ 2024 የሰረዙት ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ጃክ ስሚዝ በሕግ አልተሾሙም በማለት ነው። የዋሽንግተኑ ክስ በዚያው ወር በወጣው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሰነካከለ፤ ውሳኔውም በ6 ለ3 ድምፅ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ላደረገው የመንግሥት ሥራ ከወንጀል ክስ መከላከያ አለው የሚል ነው። ትራምፕ ከተመረጡ በኋላ በኅዳር ወር ያ ክስ ተነሣ። የጆርጂያው ክስ ደግሞ ዐቃቤ ሕጓ ከቀጠሩት ጠበቃ ጋራ በነበራቸው የቅርብ ግንኙነት ምክንያት ከነገሩ ከወጡ በኋላ በኅዳር 2025 ተሰረዘ። በነዚህ በሦስቱ «ጥፋት አለ ወይስ የለም» የሚለው አልተወሰነም።

በ2025 ተራው ሲገለበጥ የሆነውም ይህንኑ ይመስላል። የቀድሞው የኤፍ.ቢ.አይ. ኃላፊ ጄምስ ኮሚ በመስከረም 25 ቀን በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተከሰሱ፤ የይርጋው ጊዜ ሊያልፍ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ከጥቂት ቀን በፊት ፕሬዚዳንቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ተቃዋሚዎቻቸውን ሳይዘገዩ እንዲከሱ በአደባባይ ጽፈው ነበር። በጥቅምት ወር ደግሞ ትራምፕን በኒው ዮርክ የከሰሱት ሌቲሺያ ጄምስ በባንክ ብድር ማጭበርበር ተከሰሱ። ሁለቱም አላጠፋንም አሉ፤ ክሱም የበቀል ነው ብለው አቤቱታ አቀረቡ። በኅዳር 24 ዳኛ ካሜሮን ከሪ ሁለቱንም ክሶች ሰረዙ። ምክንያቱ ግን በቀል አልነበረም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጊዜያዊ የአውራጃ ዐቃቤ ሕግ መሾም የሚችለው ለ120 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ የአውራጃው ዳኞች ነው፤ ክሱን ለታላቁ ጁሪ ብቻቸውን ያቀረቡት ሊንድሲ ሃሊገን የተሾሙት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የሚል ነው።

በ2024 በፍሎሪዳ ትራምፕን የጠቀመው የሹመት ጥያቄ በ2025 በቨርጂኒያ ተቃዋሚዎቻቸውን ጠቀመ። የሁለቱ ውሳኔዎች ሕጋዊ መሠረት አንድ ባይሆንም ጠባያቸው አንድ ነው። አንዳንድ መምህራን ይህን ሲያዩ ፍርድ ቤቱ ዋናውን ነገር ሸሸ ይላሉ። እውነት አላቸው፤ በሕዝቡ አእምሮ ያለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል፤ እንዲህ ተሰርዞ የወጣም ክስ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ለሁለቱም ወገን በእኩል የሚሠራ ደንብ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ያ ደንብ የሥርዐት ደንብ መሆኑን ከ1807 ጀምሮ ያለው መዝገብ ያሳያል።

መንግሥት የሌቲሺያ ጄምስን ክስ በታኅሣሥ ወር በትክክለኛ ዐቃቤ ሕግ እጅ መልሶ አቀረበው። በኖርፎክ የተሰበሰበው ታላቅ ጁሪ አልቀበልም አለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በአሌክሳንድሪያ ለሌላ ጁሪ ቀረበ፤ ያም መለሰው። በ1806 ኬንታኪ፣ በ1807ም ሚሲሲፒ እንደ ሆነው ማለት ነው። ታላቅ ጁሪ ክስ ሲመልስ ምክንያቱን አይጽፍምና፣ እነዚያ ሰዎች ያላመኑት ማስረጃውን ይሁን ከሳሹን በመዝገብ ላይ የሰፈረ ነገር የለም።